የድመትና የውሻ ኤሌክትሮኒክስ ወደ አውሮፓ ኅብረት፦ አራቱ የማስገቢያ መንገዶች ሲነጻጸሩ

በሰዓቱ ምግብ የሚያወርድ መመገቢያ፣ ውኃ የሚያዘዋውር መጠጫ፣ በጨለማ የሚበራ የአንገት ማሰሪያ፣ ውሻው የት እንዳለ የሚያሳይ ጂፒኤስ፤ የቻይና ፋብሪካ ዋጋ ሲጠየቅ ለሁሉም የሚመጣው መልስ አንድ ነው፦ «ሲኢ አለን፤ ሰርተፊኬቱን እንልካለን።» ሲኢ ዕቃው የአውሮፓ ኅብረትን ሕግ እንደሚያሟላ አምራቹ የሚያመለክትበት ምልክት ነው። የሚላከው ግን ብዙ ጊዜ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው። የሞዴል ቁጥሩ ከሚገዛው ዕቃ ጋር ላይገጥም ይችላል። ያንን ገጽ ብቻ ይዞ ሐምቡርግ ወይም ሮተርዳም ወደብ ላይ ዕቃው የተያዘበት ነጋዴ ጥፋቱን በፋብሪካው ላይ ቢያሳብብ የሚሰማው የለም። የኅብረቱ ሕግ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕቃውን ለኅብረቱ ገበያ ያቀረበውን ሰው ነው።

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው ጀርመን፣ ኔዘርላንድስ፣ ጣሊያን ወይም ስዊድን ተቀምጠው ይህን ንግድ ለመጀመር ለሚያስቡ፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ ወይም ከዱባይ ሆነው በአውሮፓ የኦንላይን ገበያ ለመሸጥ ለሚፈልጉ ነው። ያሉት መንገዶች አራት ናቸው፦ ኅብረቱ ውስጥ ካለ አስመጪ መግዛት፣ በፋብሪካው ስም ማስመጣት፣ በራስ ስም ማሠራት፣ ወይም ከኅብረቱ ውጪ ሆኖ በወኪል መሸጥ። ምርጫው ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ይጠናቀቅ። ቀብዱን የወሰደ ፋብሪካ ሰነድ ለመስጠት የሚቸኩልበት ምክንያት የለውም።

## መለኪያዎቹ

ዕቃው ውስጥ ምን አለ? ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ጂፒኤስ፣ ሲም ካርድ ወይም የቺፕ ማንበቢያ ያለው ዕቃ በሬዲዮ መሣሪያዎች መመሪያ 2014/53 ሥር ይወድቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በቺፕ ማንበቢያው ነው። ከድመቷ ቆዳ ሥር ያለውን ቺፕ አንብቦ ክዳኑን የሚከፍት መመገቢያ አፕም ዋይፋይም ላይኖረው ይችላል፤ ሆኖም በ134.2 ኪሎኸርዝ ሞገድ ስለሚሠራ በሕጉ ሬዲዮ ነው።

ሬዲዮ የሌለው ዕቃ በኤሌክትሮማግኔቲክ ተስማሚነት መመሪያ 2014/30 (ዕቃው በኤሌክትሪክ ጩኸት ሌላውን እንዳይረብሽ፣ ራሱም እንዳይረበሽ በሚጠይቀው) ይመዘናል። ከ50 እስከ 1000 ቮልት ኤሲ ወይም ከ75 እስከ 1500 ቮልት ዲሲ የሚሠራ ከሆነ የዝቅተኛ ቮልቴጅ መመሪያ 2014/35 ይጨመርበታል። ስለዚህ በ5 ቮልት የሚሠራ የውኃ መጠጫ ብቻውን ከዚህኛው ውጪ ነው። ከግድግዳው 230 ቮልት የሚቀበለው አዳፕተር ግን ሙሉ በሙሉ ውስጥ ነው። ሁሉም የኤሌክትሪክ ዕቃ በአደገኛ ንጥረ ነገሮች መመሪያ 2011/65፣ በተለምዶ ሮኤችኤስ በሚባለው፣ 10 ንጥረ ነገሮች ላይ ገደብ አለበት፤ ለምሳሌ እርሳስ ከ0.1 በመቶ፣ ካድሚየም ከ0.01 በመቶ እንዳይበልጥ፣ ያውም በእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ተለክቶ። ባትሪ ካለበት ደንብ 2023/1542 ይመጣል። ሌሎቹ ሕጎች ያልሸፈኑትን ቀዳዳ ሁሉ የሚደፍነው ደግሞ ከዲሴምበር 13 ቀን 2024 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የሚሠራው አጠቃላይ የምርት ደኅንነት ደንብ 2023/988 ነው።

ለዚህ ዘርፍ ብቻ የሚመለከት አንድ ነገር አለ፤ ብዙዎች ያልፉታል። የሬዲዮውም የቮልቴጁም መመሪያ የሰዎችን ብቻ ሳይሆን «የቤት እንስሳትን» ጤናና ደኅንነት በስም ጠቅሰው ይጠብቃሉ። የጂፒኤስ ማሰሪያው ባትሪ ግሎ የውሻውን አንገት ቢያቃጥል፣ ምርቱ መሠረታዊውን መስፈርት ጥሷል ማለት ነው። ስለዚህ የሥጋት ትንተናው ውስጥ ውሻው ራሱ መግባት አለበት፦ ገመድ ያኝካል፣ ማሰሪያውን ለብሶ ይዋኛል፣ ዕቃው ላይ ይሸናል፣ ወፍራም ፀጉሩ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል። ፋብሪካው የሚልከው የሥጋት ትንተና ውስጥ «ማኘክ» የሚል ቃል ከሌለ ትንተናው ከሌላ ዕቃ የተገለበጠ ነው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከበይነመረብ ጋር ይገናኛል? ከኦገስት 1 ቀን 2025 ጀምሮ ከበይነመረብ ጋር የሚገናኝ ሬዲዮ ሁሉ የሳይበር ደኅንነት መስፈርት አለበት። በቀጥታ ባይገናኝም በስልክ በኩል ከተገናኘ ይቆጠራል፤ «ብሉቱዝ ብቻ ነው» ማለት አያድንም። የሚሠራባቸው ስታንዳርዶች ኢኤን 18031-1 እና፣ ካሜራ፣ ማይክ ወይም የአካባቢ መረጃ ካለ፣ ኢኤን 18031-2 ናቸው።

በሕግ ፊት እርስዎ ምን ነዎት? አምራች፣ አስመጪ፣ ወይም አከፋፋይ። የሚያደርጉት እንጂ ለራስዎ የሰጡት ስም አይታይም። በዕቃው ላይ የራሱን ስም ወይም ምልክት ያተመ ሰው አንድ ብሎን ባያጠብቅም አምራች ነው።

ሰነዱ ይገኛል? ቴክኒካዊ ሰነዱና የተስማሚነት መግለጫው (አምራቹ ዕቃው ሕጉን እንደሚያሟላ የሚፈርምበት ወረቀት) ዕቃው ለገበያ ከቀረበ በኋላ 10 ዓመት ይቀመጣሉ፤ ባለሥልጣን ሲጠይቅም መቅረብ አለባቸው።

ኅብረቱ ውስጥ ተጠሪ፣ ማለትም ባለሥልጣን ስለ ዕቃው የሚጠይቀው ሰው ወይም ድርጅት፣ አለ? አድራሻው ዕቃው፣ ማሸጊያው ወይም አብሮት ያለው ሰነድ ላይ ይጻፋል። ኦንላይን ሲሸጥ የአምራቹ፣ አምራቹ ኅብረቱ ውስጥ ካልሆነም የተጠሪው ስም፣ የፖስታና የኤሌክትሮኒክ አድራሻ፣ የዕቃው ፎቶና ማስጠንቀቂያዎቹ ገጹ ላይ መታየት አለባቸው።

በየአገሩ የሚደረገው ምዝገባ። ይህ ሲኢን አይመለከትም፤ የኤሌክትሮኒክስ፣ የባትሪና የማሸጊያ ቆሻሻን የሚመለከት ነው። አንድ አገር መመዝገብ ለሌላው አይሠራም። ጀርመን ውስጥ ለኤሌክትሮኒክስ ሽቲፍቱንግ ኤአር፣ ለማሸጊያ ሉሲድ የሚባሉ መዝገቦች አሉ፤ ከጁላይ 2023 ወዲህ የኦንላይን ገበያዎች የኤሌክትሮኒክስ ምዝገባ ቁጥር የሌለውን ሻጭ ማስተናገድ አይችሉም።

## አንደኛው መንገድ፦ ኅብረቱ ውስጥ ካለ አስመጪ መግዛት

በአንዱ ዕቃ ላይ ትርፉ ያንሳል፤ ሸክሙም እንዲሁ። አከፋፋይ የሲኢ ምልክት መኖሩን፣ የአምራቹና የአስመጪው ስምና አድራሻ መታተሙን፣ መጠቀሚያው (የአጠቃቀም መመሪያው) ዕቃው በሚሸጥበት አገር ቋንቋ መጻፉን ማረጋገጥ ይጠበቅበታል። ላብራቶሪ አያስፈልገውም።

የሚወድቁበት ቦታ ሁለት ነው። አንዱ፣ አቅራቢው የሸጠልዎትን አዳፕተር በርካሽ ተክቶ መሸጥ ነው። ይህ ተስማሚነቱን ሊነካ ስለሚችል በአንድ ሌሊት አምራች ያደርግዎታል። ሁለተኛው፣ አቅራቢው በጀርመን ካልተመዘገበ የምዝገባው ግዴታ ወደ እርስዎ ሊዞር ይችላል። ስለዚህ የምዝገባ ቁጥሩን ጠይቀው በሕዝብ መዝገቡ ላይ ራስዎ ይፈልጉት።

## ሁለተኛው፦ በፋብሪካው ስም ማስመጣት

እዚህ የፋብሪካው ስም ዕቃው ላይ ይቀራል፤ የእርስዎ ስምና አድራሻ «አስመጪ» ተብሎ ይጨመራል። ፋብሪካው በአምራችነቱ የተስማሚነት መግለጫውን ይፈርማል፤ እርስዎ ቅጂውን ይይዛሉ፣ ሲጠየቅም ሙሉ ሰነዱ እንደሚቀርብ ያረጋግጣሉ። ችግሩ ያለው ይህች «ያረጋግጣሉ» የምትል ቃል ላይ ነው። ብዙ ፋብሪካ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕሉንና የክፍሎች ዝርዝሩን ለደንበኛ አያሳይም። መፍትሔው ሙሉ ሰነዱ በባለሥልጣን ሲጠየቅ በተወሰኑ ቀናት ውስጥ በቀጥታ እንዲላክ የሚያስገድድ አንቀጽ የግዢ ውሉ ላይ ማስገባት ነው።

ፍተሻ ቀድሞ የተሠራ ስለሆነ ይህ መንገድ በወጪ መካከለኛ ነው፤ ይሁን እንጂ ሪፖርቱን አንብቦ መረዳትን ይጠይቃል። ለዚያም አንድ የተለመደ ዕቃ ይዘን ቀረብ ብለን እንይ።

### የአንድ የውኃ መጠጫ ሪፖርት ሲነበብ

ዕቃው 2.5 ሊትር የሚይዝ የድመት መጠጫ ነው እንበል፦ በ5 ቮልት የሚሠራ ፓምፕ፣ አንድ ሜትር ተኩል የዩኤስቢ ገመድ፣ አብሮት የሚመጣ አዳፕተር። ናሙናውን ጠረጴዛ ላይ፣ ሪፖርቱን አጠገቡ ያድርጉ።

መጀመሪያ የፊት ገጹ፦ ሞዴሉ ከታተመው ቁጥር ጋር አንድ ነው? «ተመሳሳይ ሞዴሎች» ተብሎ 40 ቁጥር ከተደረደረ ልዩነታቸው ቀለም ብቻ መሆኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት። ቀጥሎ የስታንዳርዱ ዓመት። ሬዲዮ ላለው ዕቃ 1999/5 የሚለውን አሮጌ መመሪያ የሚጠቅስ ወረቀት ለአዲስ ዕቃ አይሠራም፤ የሽግግር ጊዜው 2017 ላይ አብቅቷል። ለዋይፋይና ብሉቱዝ ኢኤን 300 328 ላይ 2.2.2 የሚለውን እትም ይፈልጉ።

ከዚያ ወደ ፎቶዎቹና የወሳኝ ክፍሎች ሰንጠረዥ ይሂዱ። ሰንጠረዡ የፓምፑን አምራች፣ የገመዱን ዓይነት፣ የአዳፕተሩን ሞዴል በስም ይዘረዝራል። አሁን ናሙናውን ይፍቱት። አዳፕተሩ ላይ የታተመው ቁጥር ሰንጠረዡ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ሪፖርቱ የዚህ ዕቃ አይደለም። በዚህ ዓይነት ዕቃ ሰውን የሚጎዳው ፓምፑ ሳይሆን አዳፕተሩ ነው፦ 230 ቮልቱን ከውኃው የሚለየው እርሱ ብቻ ነውና። በርካሽ አዳፕተር ውስጥ በከፍተኛውና በዝቅተኛው ቮልቴጅ መካከል ያለው ርቀት ይጠባል፣ የትራንስፎርመሩ ሽፋን ይሳሳል፤ ዕቃው ለወራት ያለ ችግር ሠርቶ አንድ ቀን ሙሉው ቮልቴጅ ወደ ገመዱ ይሻገራል። ድመቷ ያኘከችው ገመድ ላይ ከደረሰ ደግሞ ውጤቱ የታወቀ ነው።

በመመገቢያ ማሽን ላይ የሚታየው ማጭበርበር ሌላ ነው። ምግቡን የሚያሽከረክረው ትንሽ ሞተር የኤሌክትሪክ ጩኸት ያወጣል፤ ያንን የሚያፍነው ሞተሩ ጫፎች ላይ የሚበየድ አነስተኛ ካፓሲተር ነው፤ ብዙ ጊዜ 100 ናኖፋራድ። ለፍተሻ የተላከው ናሙና ላይ አለ፤ በብዛት ሲመረት ሳንቲም ለመቆጠብ ይወጣል። ስለዚህ ከጅምላው ውስጥ እርስዎ የመረጡትን አንድ ዕቃ ፈትተው ከሪፖርቱ ፎቶ ጋር ያስተያዩ።

ሌላው የተለመደ ማታለያ የሬዲዮ ሞጁሉን (ዕቃው ውስጥ የሚገጠመውን ዝግጁ የዋይፋይ ወይም የብሉቱዝ ክፍል) ሪፖርት የዕቃው ሪፖርት አድርጎ ማቅረብ ነው። ሞጁሉ ተፈትሾ መግባቱ ሥራ ያቀላል፤ በእርስዎ ሳጥን ውስጥ፣ ከእርስዎ ሞተርና አንቴና ጋር ሲሆን ግን ሙሉው ዕቃ እንደገና ይመዘናል።

ስለ ምልክቱም፦ የሲኢ ቁመት በመደበኛው ከ5 ሚሊሜትር አያንስም፤ ሬዲዮ ባለው ዕቃ ላይ ግን እስከታየና እስከተነበበ ድረስ ሊያንስ ይችላል። የፊደሎቹ ምጣኔም የተወሰነ ነው። «ቻይና ኤክስፖርት» የሚባል ሌላ ምልክት አለ የሚለው ወሬ እውነት አይደለም፤ ቅርጹ የተበላሸ ሲኢ የተበላሸ ሲኢ ብቻ ነው።

## ሦስተኛው፦ በራስ ስም ማሠራት

ገበያ ውስጥ ስም ለመትከል ለሚፈልግ ይህ ነው። ዋጋውም ሙሉ አምራችነት ነው፦ የተስማሚነት መግለጫው ላይ የእርስዎ ፊርማ ያርፋል፣ ቴክኒካዊ ሰነዱ በእርስዎ እጅ ይሆናል።

ለአብዛኛው ዕቃ ሕጉ ራስን በራስ መመዘንን ይፈቅዳል፤ ሞጁል ኤ ይባላል። «የሲኢ ሰርተፊኬት» የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም፤ ላብራቶሪ የሚሰጠው የፍተሻ ሪፖርት ነው። የተሰየመ አካል የሚባለው፣ ዕቃን እንዲመዝን በመንግሥት የተሰየመ ገለልተኛ ተቋም፣ የግድ የሚሆነው ለሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም ወይም ለሳይበር ደኅንነት የጸደቁትን ስታንዳርዶች ሙሉ በሙሉ ካልተከተሉ ነው። እዚህ ላይ ካሜራ ያለው መመገቢያ ወጥመድ አለበት፦ ኢኤን 18031ን ኅብረቱ ያጸደቀው በገደብ ነው። ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ሳያወጣ እንዲያልፍ ዕቃው ከፈቀደለት ስታንዳርዱ ብቻውን አያድንም፤ የተሰየመ አካል ይፈለጋል። ስለዚህ ፋብሪካውን የሚጠይቁት ቀላል ጥያቄ ነው፦ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት የይለፍ ቃሉን «ዝለል» የሚል አማራጭ አለው? ካለ ይነሣ። ይህ የሶፍትዌር ማስተካከያ ከተሰየመ አካል ጋር ከሚወስደው ጊዜና ገንዘብ እጅግ ይረክሳል። ተቋሙን ለመምረጥ ከተገደዱም ናንዶ በሚባለው የኮሚሽኑ መዝገብ ውስጥ ለዚያው መመሪያ መሰየሙን ያረጋግጡ።

ወደ ላብራቶሪ ሲሄዱ ቢያንስ ሦስት ናሙና ያዘጋጁ። አንዱ ሲፈተሽ ይሰበራል። ሁለተኛው ሬዲዮው ሳያቋርጥ እንዲልክ የሚያደርግ የፍተሻ ሶፍትዌር ይጫንበታል፤ ፋብሪካው ይህን ሶፍትዌር ማዘጋጀት ስለሚዘነጋ ቀጠሮ የሚተላለፈው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ሦስተኛው ታሽጎ፣ ተፈርሞበት፣ በኋላ የሚመጣውን ጅምላ ማስተያያ ሆኖ እርስዎ ዘንድ ይቀመጣል። በሰነዱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዑደት ሥዕል፣ የክፍሎች ዝርዝር፣ የሥጋት ትንተና፣ ሪፖርቶቹ፣ በኢኤን 63000 መሠረት የተሰበሰቡ የንጥረ ነገር መግለጫዎች፣ የመለያውና የመጠቀሚያው ቅጂ ይግባሉ። ሬዲዮ ካለ መጠቀሚያው የሞገድ ክልሉንና ከፍተኛውን የመላኪያ ኃይል መጥቀስ አለበት።

ለሊቲየም ባትሪ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶች አሉ፤ አንዱ ሌላውን አይተካም፦ ዩኤን 38.3 ለማጓጓዣ፣ ኢኤን 62133-2 ለአጠቃቀም ደኅንነት።

## አራተኛው፦ ከኅብረቱ ውጪ ሆኖ መሸጥ

ከአዲስ አበባ ወይም ከገልፍ አገሮች የሚሸጥ ሰው ኅብረቱ ውስጥ ተጠሪ ከሌለው ዕቃውን ማቅረብ አይችልም። ተጠሪው በጽሑፍ የተወከለ ወኪል፣ አስመጪ፣ ወይም ሌላ ከሌለ ዕቃውን የሚያከማችና የሚልክ መጋዘን ሊሆን ይችላል። ፖስታ ቤት አይቆጠርም።

ወኪል ሲመርጡ ዋጋውን ብቻ አይዩ። ሰነድዎን ሳይጠይቅ በአንድ ቀን አድራሻውን የሚያከራይ ድርጅት ባለሥልጣን ደብዳቤ ሲልክ የሚመልሰው ነገር የለውም። ጥሩ ወኪል መጀመሪያ መግለጫውንና ሪፖርቶቹን ይጠይቃል፣ የጎደለውን ይነግርዎታል። ወኪሉ ሰነድ አያዘጋጅልዎትም፤ ያ የአምራቹ ሥራ ሆኖ ይቀራል። በየአገሩ ያለው የቆሻሻ ምዝገባም ለብቻው ሌላ ወኪል ይጠይቃል።

## በአንድ እይታ

| መንገድ | በሕግ ፊት | ዋናው ሰነድ | መነሻ ወጪ | የሚያይለው ሥጋት |
|---|---|---|---|---|
| ከኅብረቱ አስመጪ መግዛት | አከፋፋይ | አስመጪው ወይም አምራቹ ጋ | ዝቅተኛ | ያልተመዘገበ አቅራቢ |
| በፋብሪካው ስም ማስመጣት | አስመጪ | ፋብሪካው ጋ፤ መግለጫው እርስዎ ጋ | መካከለኛ | ከዕቃው የማይገጥም ሪፖርት |
| በራስ ስም ማሠራት | አምራች | እርስዎ ጋ | ከፍተኛ | ከናሙናው የተለየ ጅምላ |
| ከውጪ በወኪል | ሻጭ፤ ስም ካተሙ አምራች | ቅጂው ወኪሉ ጋ | መካከለኛ፤ በየዓመቱ የሚደጋገም | የይስሙላ ወኪል |

## ለማን የትኛው?

ገንዘቡ ጥቂት ሆኖ ገበያውን መሞከር ለሚፈልግ አንደኛው መንገድ ይበቃል። የሚሸጠውም ሬዲዮ የሌለው ዕቃ ይሁን፤ የሚበራ ማሰሪያ ወይም ያለ አፕ የሚሠራ መጠጫ። ማሰሪያው በክኒን ባትሪ (እንደ ሳንቲም ክብ በሆነ ትንሽ ባትሪ) የሚሠራ ከሆነ ክዳኑ በብሎን የታሰረውን ይምረጡ፤ በጣት ከሚከፈተው ሕፃን ባትሪውን አውጥቶ ሊውጠው ይችላል።

አንድ ፋብሪካን በደንብ የሚያውቅ፣ ሪፖርት ለማንበብ ትዕግሥት ያለው ሰው ሁለተኛውን ቢይዝ ይሻላል። ለዚህ መንገድ አዳፕተር ከሌለው፣ ዩኤስቢ ገመድ ብቻ ካለው መጠጫ መጀመር ጥሩ ነው። አደገኛው ክፍል ከሳጥኑ ይወጣል፣ አንድ ሕግ ይቀንሳል፤ መጠጫው የሚፈልገውን አዳፕተር በመጠቀሚያው ላይ በግልጽ ይጻፉ።

ካሜራና ዋይፋይ ያለውን መመገቢያ በራስ ስም ለማሠራት የሚያስብ ሰው ከፍተሻው ሌላ ለሶፍትዌር እድሳት የሚያወጣውን ከአሁኑ ያስላ። የሳይበር ጽናት ሕግ የሚባለው ደንብ 2024/2847 ዋና ግዴታዎቹ በዲሴምበር 11 ቀን 2027 ይጀምራሉ፤ የደኅንነት እድሳት በመደበኛው ከ5 ዓመት ላላነሰ ጊዜ እንዲሰጥም ይጠይቃል። አፑንና ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ፋብሪካው ከሆነ ይህ ግዴታ በውል ካልታሰረ እርስዎ ላይ ይቀራል።

ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ የማሠልጠኛ ሪሞት በ915 ሜጋኸርዝ ሊሠራ ይችላል፤ በአውሮፓ የዚህ ዓይነት ዕቃ የተለመደው ክልል 868 ነው። መለያ በመቀየር አይስተካከልም። በኤሌክትሪክ የሚነዝሩ ማሰሪያዎችን ደግሞ ጨርሶ አለመንካት ይበጃል፦ ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ዴንማርክና ስዊድን በእንስሳት ጥበቃ ሕጋቸው አጠቃቀሙን ይከለክላሉ፤ ሲኢ ያንን አይሽርም፣ ውሻውንም ከሥቃይ አያድነውም።

ባትሪ ያለበት ዕቃ ዛሬ የሚያዙ ሁሉ አንድ ቀን ያስታውሱ፦ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027። ከዚያ ጀምሮ ዕቃ ውስጥ ያለን ተንቀሳቃሽ ባትሪ ተጠቃሚው በቀላሉ አውጥቶ መተካት መቻል አለበት። በዋናነት ውኃ በሚረጭበት ቦታ እንዲሠራና እንዲታጠብ ለተነደፈ ዕቃ በባለሙያ መተካቱ የሚበቃበት የተለየ አንቀጽ አለ፤ ደረቅ ምግብ የሚያወርድ መመገቢያ ግን በዚያ ሊጠለል አይችልም። ሕጉ የሚቆጥረው ሞዴሉ የወጣበትን ዓመት ሳይሆን እያንዳንዱ ዕቃ ለኅብረቱ ገበያ የቀረበበትን ቀን ነው። ስለዚህ ባትሪው በሙጫ የተጣበቀ ዕቃ የፕላስቲክ መቅረጫ (ሻጋታ) ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ፋብሪካው ክዳኑን በተለመደ ብሎን የሚከፈት አድርጎ እንዲቀይረው ይጠይቁ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚደርስ ኮንቴይነር የሚመዘነው በዚያ ብሎን ነው።